አረቦኑን ከፍዬ ካሳው ለምን ተቆረጠ? የኢንሹራንስ ህግና ቁጥጥር በቀላል አማርኛ

ባለፈው ክረምት ከእህቴ ባል ጋር ሰንጋ ተራ አካባቢ አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ካሳ ክፍል ተቀምጠን ነበር። ቪትዙን ሜክሲኮ ጋ ከመብራት ምሰሶ አጋጭቷት፣ የፊቷ ግማሽ ገብቷል። ጋራዡ የሰጠው ፕሮፎርማ 240 ሺህ ብር ይላል። እሱ ግን ብዙም አልተጨነቀም። ኮምፕሬንሲቭ (የራስን መኪና ጉዳትም የሚሸፍን ኢንሹራንስ) አለዋ፤ አንድም ዓመት ሳያሳድስ አልቀረም። የካሳ ክፍሏ ልጅ ፋይሉን አገላብጣ ካልኩሌተር ነካካችና ወደኛ አዞረችው። 110 ሺህ ብር።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ተሳስተሽ እንዳይሆን?» አላት።

«አልተሳሳትኩም ጋሼ። መኪናዋን ያስገቧት በግማሽ ዋጋዋ ነው።»

ልጅቷ ትክክል ነበረች። እሱም አልዋሸም፣ ገንዘብም አልደበቀም። ሁለቱም ህግ አክብረዋል፣ ግን 130 ሺህ ብሩ ከኪሱ ሊወጣ ነው። ይሄ ነገር ከነከነኝ። የኢንሹራንስ ህግ ስንል ስለ ምን እያወራን እንደሆነ፣ ድርጅቶቹ በምን እንደሚቸገሩ፣ እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ ለምን እንዲህ እንደሚሆን በቀላሉ ለመጻፍ የተነሳሁት ከዚያ ነው።

ለመሆኑ የምንገዛው ምንድን ነው?

ዕድር ያለበት ሰፈር ላደገ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም። ሁሉም በየወሩ ትንሽ ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ቤት ከተጠራቀመው ያገኛል። ኢንሹራንስም መሠረቱ ይኸው ነው። የምንከፍለው መዋጮ አረቦን ይባላል። የሚከፍለው ሰው መድን ገቢ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ካሳ ለመክፈል ቃል የሚገባው ድርጅት ደግሞ መድን ሰጪ ነው። ቃሉ የተጻፈበት ወረቀት ፖሊሲ ነው። አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ከራሳችን ኪስ የምንችላት ድርሻ ኤክሰስ ትባላለች።

ልዩነቱ አንድ ቦታ ላይ ነው። ዕድር ላይ ገንዘብ ያዡን ታውቁታላችሁ፤ መዝገቡ በየስብሰባው ይነበባል፤ ዳኛው ጎረቤታችሁ ነው። ኢንሹራንስ ላይ ግን ገንዘቡን የምትሰጡት ለማታውቁት ሰው ነው፣ ያውም አስቀድማችሁ። ዳቦ ስትገዙ ዳቦው ወዲያው እጃችሁ ይገባል። ኢንሹራንስ ስትገዙ የሚሰጣችሁ ቃል ነው። ቃሉ ይታጠፍ ይከበር የምታውቁት ምናልባት ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በህይወታችሁ መጥፎ ቀን ላይ ነው።

ታዲያ መንግሥት ለምን ይገባበታል?

ምክንያቱ ይኸው ነው። የዕድሩን መዝገብ በኛ ፈንታ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል፤ በኛ አገር ይሄን ሥራ የያዘው ብሔራዊ ባንክ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው፣ የሚነጥቀውም እሱ። ዋናው ህግ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የመድን ሥራ አዋጅ ቁጥር 746 ነው። ኋላ ላይ በአዋጅ 1163 ተሻሽሎ፣ ትውልደ ኢትዮጵያውያን አክሲዮን እንዲገዙ ተፈቅዷል።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የግል የኢንሹራንስ ድርጅቶችን ወረሰ። የ13 ድርጅቶች ንብረትና ዕዳ ተጠቃሎ የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ሆነ፤ ለ20 ዓመት ገደማ ገበያው ላይ ሌላ አልነበረም። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 86 ሲወጣ የግሎቹ ተመለሱ። ዛሬ መሃል ከተማ ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ በእግር ብትሄዱ የኢንሹራንስ ታፔላ ያልተለጠፈበት ሕንፃ ጥቂት ነው። ያም ሆኖ አገሪቱ በዓመት ከምታመነጨው ሀብት የኢንሹራንስ አረቦን ድርሻ 1 በመቶ እንኳን አይሞላም።

ብሔራዊ ባንክ የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ ፍሬው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ቃል ከገባችሁት በላይ የሚሆን ገንዘብ አላችሁ ወይ?» ሁለተኛ፣ «ደንበኛውን በአግባቡ ይዛችኋል ወይ?» ለመጀመሪያው ጥያቄ የካፒታል መስፈርት አለ። ጠቅላላ የሚባለውንም (የመኪና፣ የንብረትና የመሳሰለውን) የህይወቱንም መድን የሚሠራ ድርጅት ሊኖረው የሚገባው ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ75 ሚሊዮን ወደ 500 ሚሊዮን ብር እንዲያድግ ተወስኗል። ሰባት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ለትላልቆቹ ቀላል ነው። ትንንሾቹ ግን ወይ አዲስ አክሲዮን ይሸጣሉ፣ ወይ ትርፍ ሳያከፋፍሉ ይቆያሉ፣ ካልሆነም ከሌላ ጋር ይዋሃዳሉ።

ሌላው መስፈርት ጠለፋ ዋስትና ነው። የኢንሹራንስ ድርጅቱ ራሱ ሌላ ቦታ ኢንሹራንስ ሲገባ ማለት ነው። አንድ ትልቅ ፋብሪካ ቢቃጠል አንድ ድርጅት ብቻውን አይችለውም፤ ስለዚህ ሸክሙን ከፋፍሎ ለሌላ ያሸጋግራል። የኢትዮጵያ ጠለፋ መድን አክሲዮን ማኅበር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሸክሙ የተወሰነ ድርሻ የግድ ለእሱ ይሰጣል። የቀረው ትልቁ ደግሞ ውጭ አገር ይሄዳል፣ የሚከፈለውም በዶላር ነው። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ እዚህም አለ። ክፍያው ዘግይቶ የውጭው ድርጅት ውሉን ቢያቋርጥ፣ እዚህ ፋብሪካውን ያስገባው ሰው ሳያውቀው ራቁቱን ይቀራል።

ብር ሲረክስ ፖሊሲው ምን ይሆናል?

ወደ ቪትዟ እንመለስ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ተሰቀለ። ፖሊሲው ላይ የተጻፈው ዋጋ ግን ወረቀት ነው፤ ራሱን ከፍ አያደርግም። የእህቴ ባል መኪናዋን ያስገባት በ900 ሺህ ብር ነው። በየዓመቱ ሲያድስ ኤጀንቱ ደውሎ «እንደ አምናው ይሁን?» ይለዋል፣ እሱም «እንደ አምናው ይሁን» ይላል። በተጋጨችበት ቀን ገበያ ላይ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ታወጣ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ደንብ ይገባል። የንብረት ኢንሹራንስ ከደረሰባችሁ ጉዳት በላይ አይከፍላችሁም፤ ንብረቱን ከዋጋው በታች ካስገባችሁት ደግሞ ለጎደለው ድርሻ መድን ሰጪው እናንተው ራሳችሁ እንደሆናችሁ ይቆጠራል። በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች አንደር ኢንሹራንስ ይሉታል። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 900 ሺህ ለ1 ሚሊዮን 800 ሺህ ሲካፈል ግማሽ ነው። የ240 ሺህ ግማሽ 120 ሺህ። ከእሱ ላይ 10 ሺህ ኤክሰስ ሲቀነስ 110 ሺህ። የልጅቷ ካልኩሌተር ያሳየን ይሄን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «900 ሺህ ብር ዋስትና አለኝ፣ ጉዳቱ 240 ሺህ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሙሉውን ይሸፍናል» ብሎ ያስባል። እንደዚያ አይሠራም። ግማሽ መዋጮ ከፍሎ ሙሉ የሐዘን ገንዘብ እንደ መጠየቅ ነው፤ ዕድሩ እሺ አይልም።

ይሄን ካልኩ በኋላ ግን የማምንበትን ልናገር። ደንቡ ፍትሐዊ ነው፤ አነጋገሩ ግን ፍትሐዊ አይደለም። አገር ምድሩ ዋጋ እንደጨመረ ከማንም በላይ የሚያውቀው በየቀኑ ፕሮፎርማ የሚያየው ድርጅቱ ነው። ሲያሳድስ «ጋሼ፣ ዋጋዋ ጨምሯል፣ እንዲህ ካላደረግን አደጋ ቢደርስ ግማሹን ነው የምንከፍልዎት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። የብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያም የሚለው ይሄንኑ ነው፤ ደንበኛው የገባውን ነገር ተረድቶ ይፈርም ነው የሚለው። ፖሊሲው ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ይሄ ደንብ ያለበት ገጽ ላይ ደግሞ ማንም ጣቱን አድርጎ አያሳያችሁም።

ህጉ ራሱ ስንት ዓመቱ ነው?

ይሄ ለድርጅቶቹም ለጠበቆቹም ራስ ምታት ነው። አዲሱ የንግድ ህግ በ2013 ዓ.ም. ወጣ፣ አዋጅ ቁጥር 1243። ብዙ ሰው አሮጌው ሙሉ በሙሉ የተሻረ ይመስለዋል። የኢንሹራንስ ውልን የሚገዛው ክፍል ግን አልተነካም፤ ዛሬም የምንዳኘው በ1952ቱ የንግድ ህግ ነው። በጃንሆይ ዘመን የተጻፈ ነው። በስልክ የሚሸጥ ኢንሹራንስ፣ ራይድ የሚሠራ መኪና፣ የኮምፒዩተር መረጃ ስርቆት በማይታወቅበት ጊዜ ማለት ነው። በላዩ ላይ የ2004ቱ አዋጅ፣ በእሱ ላይ ማሻሻያው፣ በእሱ ላይ ደግሞ የብሔራዊ ባንክ መመሪያዎች ተደራርበዋል። አንድ ነገር ለማወቅ አራት ወረቀት ማገላበጥ ግድ ነው።

ሦስተኛ ወገን ካለኝ አይበቃኝም?

መስታወት ላይ የምትለጠፈው ስቲከር የሦስተኛ ወገን መድን ናት፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለ እሷ መንዳት አይቻልም። ሦስተኛ ወገን ማለት ከእናንተና ከድርጅቱ ውጭ ያለ፣ መኪናችሁ የምትጎዳው ሰው ነው። እግረኛው፣ የሌላው መኪና፣ የሰው አጥር። የእናንተን መኪና አንዲት ሣንቲም አትሸፍንም።

ከዚህ ይልቅ የማይታወቀው ጣሪያዋ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተቀመጠው ከፍተኛ ካሳ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100 ሺህ ብር ነበር። ህግ ላይ በቁጥር የተጻፈ ብር እንደ ቪትዟ ፖሊሲ ነው፤ ኑሮው ሲጨምር እሱ ባለበት ይቆማል፣ ሌላ ህግ ወጥቶ እስኪያነሳው ድረስ። ታዲያ ጉዳቱ ከጣሪያው ካለፈ የቀረውን ማን ይከፍላል? የመኪናው ባለቤት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ተጠያቂ ነው ይላል። ሾፌር ቀጥራችሁ እናንተ ቤታችሁ ተኝታችሁ ቢሆንም። ኢንሹራንሱ ድርሻውን ከፍሎ ይወጣል፣ የቀረው ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ ስቲከሯን ስትገዙ «ጣሪያው ስንት ነው? ከፍ ማድረግስ ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ተጨማሪ ሽፋን ይሸጣል።

እግረኞችስ? ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ከሆነ ተጎጂው ሜዳ ላይ አይቀርም። ለዚህ ተብሎ የተቋቋመ መድን ፈንድ አለ፤ ዛሬ የመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት በሚባለው መሥሪያ ቤት ሥር ነው። ስንት ሰው ይሄን ሳያውቅ ከሆስፒታል አልጋ ላይ ቤቱን ለመሸጥ እንዳሰበ ሳስብ ያመኛል። እባካችሁ ንገሩት፣ ለዘበኛውም ለጉልት ሻጯም ንገሩ።

«ያልነገሩን ነገር አለ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ካሳ ከሚከለከልባቸው ምክንያቶች ዋናው ይሄ ይመስለኛል። ስትፈርሙ ፎርም ትሞላላችሁ፤ ድርጅቱ ዋጋ የሚያወጣው እዚያ ላይ ባላችሁት ነው። መኪናችሁ ውስጥ አይኖርም፣ ስትነዷት አያያችሁም። ስለዚህ ህጉ የምታውቁትን ሁሉ በሐቅ እንድትናገሩ ያስገድዳል። አውቆ የደበቀ ሰው ውሉ ይፈርስበታል።

በከተማችን የተለመደውን ልጥቀስ። መኪናዋ ለግል አገልግሎት ተብላ ኢንሹራንስ ተገብቶላታል። ኑሮ ሲከብድ ባለቤቷ ማታ ማታ በመተግበሪያ ሰው ይጭናል። ሰው እየጫነች ከተጋጨች የድርጅቱ መልስ አንድ ነው፦ «እኛ ያስገባነው የቤት መኪና ነው።» ቀኑን ሙሉ የምትዞር መኪና አደጋዋ ብዙ ነው፣ አረቦኗም የተለየ ነው። ልጁ ሌባ አይደለም፣ ልጆቹን ሊያበላ ነው የወጣው። ግን አንድ ስልክ ደውሎ «ሥራ ላይ አውያታለሁ» ቢል፣ ድርጅቱ ልዩነቱን አስከፍሎ በተጨማሪ ወረቀት ያስተካክልለት ነበር። ወረቀቱ ኢንዶርስመንት ይባላል። ለሱቅ ዕቃም ያው ነው። ጨርቅ ብላችሁ ያስገባችሁት መጋዘን ውስጥ ቀለምና ሽቶ ከተከማቸ ነገሩ ተቀይሯል። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ በተቃጠለ ጊዜ ያንን ጭስ ያየ ነጋዴ ፖሊሲውን አውጥቶ የሚያነብበት ምክንያት አለው። አብራችሁም «ከሽፋን ውጭ» የሚለውን ክፍል እዩ። ጦርነትና ሁከት በተለመደው ፖሊሲ ውስጥ አይሸፈኑም፤ ለእነሱ ለብቻ ይከፈላል።

ይሄን ሁሉ መታወቂያና ፎርም ለምን ይጠይቁኛል?

የወንጀል ገንዘብ በኢንሹራንስ በኩል ሊታጠብ ስለሚችል ነው። አንዱ በጥሬ ገንዘብ ትልቅ የህይወት መድን ይገዛል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ያቋርጥና ተመላሹን በቼክ ይወስዳል። አሁን ገንዘቡ «ከኢንሹራንስ ያገኘሁት» ሆነ። የወንጀል ገንዘብ ማጠብን ለመከላከል የወጣው ህግ ድርጅቶቹ ደንበኛቸውን እንዲያውቁና የሚያጠራጥር ነገር ሲያዩ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። በሌላ በኩል የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሰበሰባችሁትን ጠብቁ፣ ለሌላ ሥራ አታውሉ ይላል። አንዱ ህግ ብዙ ሰብስቡ፣ ሌላው ከሚያስፈልገው በላይ አትያዙ ይላል። የህይወትና የጤና መድን ፋይል ውስጥ የሰው ህመም ሁሉ አለ፤ ያን ፋይል ጠረጴዛ ላይ አዝረክርኮ መተው ከእንግዲህ ጥፋት ብቻ ሳይሆን ህግ መጣስም ነው።

የሒሳብ አያያዙም ተቀይሯል። በአዋጅ 847/2006 አገራችን ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ስለተቀበለች፣ ለኢንሹራንስ የወጣው 17ኛው ደረጃ እዚህም ይሠራል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ዛሬ የሰበሰብከውን አረቦን እንደ ትርፍ አትቁጠር፣ ወደፊት ከምትከፍለው ካሳ ጋር አስተያይተህ አሳይ። ሥራው ግን ከባድ ነው። አክቹዋሪ የሚባል የአደጋ ሒሳብ ቀማሪ ይፈልጋል፤ አገር ውስጥ ደግሞ ባለሙያው ጥቂት ነው።

የውጭ ድርጅቶች ሊገቡ ነው የሚባለውስ?

በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1360 የከፈተው ባንክን ነው። ኢንሹራንስ በዚያ አዋጅ ውስጥ የለም።

ካሳ ቢከለክሉኝ ወይም ቢቆርጡብኝ ምን አደርጋለሁ?

መጀመሪያ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። «አይከፈልም አሉኝ» ብቻ ብሎ ወደ ቤት መሄድ የለም። የትኛው የፖሊሲ አንቀጽ ላይ ተመርኩዘው እንደሆነ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ከዚያ ለድርጅቱ ቅሬታ ሰሚ፣ ካልሆነ ለብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይቻላል። ብዙ ፖሊሲዎች ጠቡ በግልግል ዳኝነት ይታይ የሚል አንቀጽ አላቸው፤ ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት እሱን እዩ።

አንድ ነገር ግን በቀይ አስምሩበት። በ1952ቱ የንግድ ህግ አንቀጽ 674 መሠረት የኢንሹራንስ ክስ በ2 ዓመት ይቋረጣል። የሚቆጠረው አደጋው ከደረሰበት፣ ወይም መድረሱን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። ሌሎች ውሎች ላይ እንደለመድነው 10 ዓመት አይጠብቅም። «ነገ ና፣ ከሳምንት በኋላ ደውል» እየተባለ ሁለት ክረምት እንዳያልፍባችሁ።

የእህቴ ባል አቤት አላለም፤ ሒሳቡ ትክክል ነበርና። 110 ሺውን ወሰደ፣ ለቀረው ከሁለት ጓደኞቹ ተበደረ። ባለፈው ወር ለማደስ ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ኤጀንቱ «እንደ አምናው ይሁን?» አለው። «ቆይ» አለና ጠዋት ሦስት የመኪና ደላሎች የነገሩትን ዋጋ ጀርባው ላይ የጻፈበትን ደረሰኝ ከኪሱ አወጣ።